ከመላኩ በፊት የሚመጣው ስም

ኪሱሙ፣ ማርች 12 ቀን 2024

ለአባቴ ለኦኩሙ፣ ምዋንዛ

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ዱንጋ ሐይቁ ዳር ዓሣዋን እየጠበሰች ቀኑን ሙሉ ስትረግምህ ትውላለች፤ ሲመሽ «በልቶ ይሆን?» ትላለች።

ስልኬን ስለማታነሳ ይህን በወረቀት ጽፌ ለዓሣ መኪናው ሹፌር ሰጠሁት። ወረቀት ቢነኩት ገንዘብ አይወስድም፣ አትፍራው!

«ሊንክ በላኝ፣ ልጄም ሊንክ ሠሪ ናት፤ ከሌባ ጋር አልነጋገርም» ብለህ ሐይቁን ተሻግረህ ምዋንዛ ሄድክ አሉ። ያ ዓሣህን የገዛው ሰው «የዓሣህን ዋጋ በቢትኮይን ልኬልሃለሁ፣ ሰማያዊውን ጽሑፍ ነክተህ ተቀበል» አለህ። አንተም በስልክ ገንዘብ ስንልክ እንደለመድነው፣ መጀመሪያ የሰው ስም ይመጣል፣ ካላማረኝ እሰርዘዋለሁ ብለህ ነካህ። ጽሑፉ ግን መቀበያ ሳይሆን መክፈያ ሊንክ ነበር፤ ስልክህ ላይ ያለው የቢትኮይን ቦርሳም ሳይጠይቅ የሚከፍል። ለጀልባው ሞተር ያስቀመጥከው ገንዘብ በዚያው ቀረ። ቢትኮይን ደግሞ ደውለው «ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው፣ መልስልኝ» አይሉበት ነገር! ሞኝ አይደለህም አባዬ። ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው።

የኔ ሊንክ ሲነኩት ይቆማል። የተቀባዩን ስም ከነአባቱ፣ የሚሄደውን ገንዘብ በሽልንግ ያሳይና «ልላክ ወይስ ልተው?» ይላል። ስሙንም ከመታወቂያ ጋር አመሳክረን የምናስገባው እኛው ነን፤ ማንም እንዳሻው አይጽፈውም። አለቃዬ ባራሳ ግን ጮኸብኝ።

«አንቺ፣ ሰው ቸኩሏል! አንዴ ነክቶ ይገላገል። ጥያቄ ካበዛሽ ማን ይገዛናል?»

«አባቴ» አልኩት።

«አባትሽማ ተበልቶ ምዋንዛ ገባ!» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው እሱ የማይፈራው ሊንክ ሳልሠራ ንቅንቅ አልልም። ከፈለግክ አባርረኝ!» አልኩት። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኝ። ተበልቶ የሚያውቅ ሰው አምኖ ከነካው የኔ ሊንክ ገበያ ይገባል፤ ካልሆነ የሱ ሳይጠይቅ የሚልከው ይገባል፣ እኔ እወጣለሁ። ለመሞከሪያ ሌላ ሰው ፈልጊ ብሎኛል፤ አልፈልግም። አንተው ካላመንከው ሥራው ምን ያደርግልኛል?

ሐሙስ ጠዋት በስልክህ አንድ ሊንክ ይመጣልሃል። የምትልክልኝ አንድ ሽልንግ ናት። ንካውና ቁም። ብትፈልግ «ተው» በለው፣ ገንዘቡን አልፈልገውም። ስሙን ብቻ ረጋ ብለህ አንብብ። ሌባ ናት ካልክም፣ የሌባዋ አባት ማን እንደሆነ አብሮ ተጽፏል።

ሐይቁ ይታዘዝልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ። እማዬ ሳህንህን ለማንም አልሰጠችም።

ልጅህ
አኬዮ ኦኩሙ