ስለ ሐጃ ታሙ የጡት ልጅና ስለ አንቀጽ ሰባት

ለክቡር ጃዋድ፣
«በእፍኝ ስንቅ» የተሰኘው የቴሌቪዥን የጉዞ ውድድር የዳኞች ጉባኤ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባለቤትዎስ፣ የልጆችዎስ? ዛጎራ ላይ፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ውሳኔውን ሲያነቡልን ላብዎ በአንገትጌዎ ሲንቆረቆር አይቼ አዝኜልዎ ስለነበር፣ ራባት ተመልሰው ነፋሻ ቦታ እንዳረፉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። መሰረዝ ራስ ምታት እንኳ እንደማያስይዝ በራሳችን አይተነዋል።

ምናልባት ከረሱኝ፣ እኔ የቴቱዋኗ ልብስ ሰፊ ጊዝላን ነኝ። ከባለቤቴ እናት ከሐጃ ታሙ ጋር ተጣምረን፣ ያለ ስልክና ያለ አውሮፕላን፣ እናንተ በሰጣችሁን ትንሽ የገንዘብ ቦርሳ ከሰሜኑ ቴቱዋን እስከ በረሃው ዛጎራ የተወዳደርን ምራትና አማት ነን። ሠፈሩ በሙሉ ፌስ ከተማ ሳንደርስ ጸጉር ለጸጉር እንደምንያያዝ ተወራርዶ ነበር። ያሰበው አልሆነለትም። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላልና፣ ዳኛው በመገኘትዎ ተደፋፍሬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ታክሲው አመሰግናለሁ። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው ታክሲያችን ስድስት ተሳፋሪ ካልሞላ ንቅንቅ እንደማይል እርስዎም ያውቃሉ። ፌስ መናኸሪያ ስንደርስ፣ ተፎካካሪዎቻችን የሆኑት ወንድማማቾቹ ሪዳና አናስ የስድስቱንም ወንበር ከፍለው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ እጃቸውን እያውለበለቡልን ሄዱ። ጉባኤዎ ይህንን «ብልህ ስልት» ብሎ አሞገሰው፤ እኔም አሞግሳለሁ፤ ቦርሳ ካበጠ ብልህነት መቼ ይጠፋል! የእኛ ቦርሳ ግን የሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረ፣ ሐጃ ታሙ መናኸሪያውን እየዞሩ ተሳፋሪ ማሰባሰብ ጀመሩ። ነገ ሊሄድ ያሰበ ወታደር ዛሬ እንዲሄድ አደረጉ፤ ሁለት ዶሮ የታቀፈች ሴት አስገቡ፤ በመጨረሻም ወንድሙን ሊሸኝ ብቻ በነጠላ ጫማ የመጣውን ምስኪን ያዙት።

«አንተስ ልጄ፣ ወንድምህን ብቻውን ልትሰደው ነው?»

«ኧረ ሐጃ፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ!»

«ሥራው የት ይሄድብሃል? ይልቅ እናትህን ካየሃት ስንት ጊዜህ ነው?»

ሰውዬው አንገቱን አከከና ገባ። ታክሲው ሞላ፤ ሹፌሩም በደስታ ከሒሳባችን ላይ ቀነሰልን። ጉባኤዎ ታዲያ «ተሳፋሪ ማግባባት ከውድድሩ መንፈስ ውጭ ነው» ሲል የአንድ ሰዓት ቅጣት ጣለብን። ወንበር ባዶውን መግዛት ስልት፣ ወንበሩን በሰው መሙላት ግን ጥፋት መሆኑን ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም።

ሁለተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን ብቻ ያስታውሱልኝ። በመክፈቻው ዕለት፣ እርስዎ ካሜራ ፊት ቆመው «እኔ የአዝሩ የበረዶ ልጅ ነኝ፣ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ከእናቴ ማህፀን ጀምሮ አውቃለሁ» ብለው ሁላችንንም ባስደመሙበት ዕለት፣ የፕሮግራሙ አቅራቢ ለሐጃ ታሙ እጁን ዘርግቶላቸው ነበር። ሐጃ ባዕድ ወንድ አይጨብጡም። እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው በፈገግታ ጎንበስ ሲሉለት፣ የእሱ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህቺን ቁራጭ በየማስታወቂያው ስለደጋገማችኋት፣ ሐጃ ታሙ ለባዕድ እጃቸውን እንደማይሰጡ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም።

ሦስተኛ፤ ወደ ሚደልት እንምጣ። ከሁሉ ኋላ ቀርተን፣ አውቶቡስ አምልጦን፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ዳቦና የወይራ ፍሬ እየበላን ሳለ፣ ፖም የጫነ መኪና ድንገት ቆመ። ሹፌሩ ሳይወርድ በፊት ጩኸቱ ወረደ፤ «እማ ታሙ! እማ ታሙ አይደለሽም እንዴ?» ሐጃ ዳቦውን ጥለው ተነሡ። «ሚሙን? አንተ ሚሙን!» ብለው ያንን የሚያህል ጎልማሳ አንገቱን አቅፈው፣ ራሱን ከደረታቸው አስጠግተው፣ ግንባሩን እያገላበጡ ሳሙት። ካሜራችሁ አላመለጠውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ አባት አዝሩ ላይ የደን ጠባቂ በነበሩ ጊዜ፣ መንገዱ በበረዶ በተዘጋበት አንድ ክረምት፣ የሚሙን እናት ወልዳ በትኩሳት ወደቀች። ሐጃ የመጀመሪያ ሴት ልጃቸውን ያጠቡ ነበርና ሚሙንን ከእሷ ጋር እኩል አጠቡት። «በዚያ ክረምት ወተቴ ከቤቴ አልፎ ለሠፈሩም ተርፎ ነበር» ይላሉ ሲያጫውቱን። እኛ ዘንድ የጡት ልጅ ልጅ ነው። አይሸፈኑለትም፣ ከልጆቻቸውም አይጋባም፤ ለዚህም ነው ማን የማንን ጡት እንደጠባ እናቶቻችን እስከ ዕለተ ሞታቸው የማይረሱት። ሚሙን ፖሙን ለዛጎራ ገበያ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ጭኖን ሄደ፤ ከሁሉም ቀድመን ገባን።

ከዚያ በኋላ ያነበቡልን አንቀጽ ሰባት «ከሥጋ ወይም ከጋብቻ ዘመዱ እርዳታ የተቀበለ ተወዳዳሪ ይሰረዛል» ይላል። ስለ ጡት አንድ ቃል የለውም። እርስዎ ግን ወተትም ሥጋ እንደሆነ ተፈላሰፉ። አንቀጹን ለማንበብ ወደ ብርሃኑ ዞር ሲሉ ሐጃ ከጆሮዎ ኋላ ትኩር ብለው ማየታቸውን፣ ከዚያም «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?» ማለታቸውን ያስታውሳሉ? እርስዎም «ሐጃ፣ እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ» አሏቸው። ትክክል ነበሩ።

ረዳትዎ ደግ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። «ሐጃ በሞቴ፣ ‹መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው› ይበሉና ሽልማቱን ይዘው ይሂዱ። ወንድማማቾቹም እንደዚያው ነው ያሉት።» እውነቱን ነው። ሪዳና አናስን ከራሺዲያ ያሳፈራቸው ሰው በቤት ስማቸው እየጠራ ሲያጎርሳቸው ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፤ «አናውቀውም» ሲሉም ጉባኤዎ በአባትነት ፍቅር አምኗቸዋል። ሐጃ ግን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጡቴን የጠባውን ልጅ በሰው ፊት ልካደው? ነገ ሚሙን የልጄን ልጅ አግብቶ ቢገኝ ኃጢአቱን ትሸከምልኛለህ? ልጄ ነው። ጻፍ!»

ጻፉ። ተሰረዝን። ሽልማቱ ለእኔ ከቤታችን ሥር ያለውን ሱቅ ሊያስከፍትልኝ ነበር፤ የስፌት መኪናዬ አሁንም አልጋዬ ሥር ትተኛለች። ሐጃ በዚያች አንድ ቃል የሰጡት የእኔን ሱቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን በእኚህ ሴትዮ ምራትነቴ ኮራሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ወረቀት የያዘው ማን እንደነበረ ግን አላስታውስም።

አናስ ባለፈው ሳምንት እንደ ወጋችን ለይቅርታ ሁለት ሾጣጣ ራስ ስኳር ተሸክሞ ቤታችን መጥቶ ነበር። «እመቤቴ ላላ ጊዝላን፣ ሰውዬው የአክስታችን ባል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናታችን ፊት ነስታናለች። ከፈለግሽ ጻፊው» አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። ልጁ ሲያፍር ያምራል፤ እርስዎም ቢሞክሩት አይከፋም።

አራተኛና ዋናው፤ ስለ ቆረጣችሁት። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ፣ ሐጃ ሚሙንን ሲያቅፉ በዝግታ፣ ከበሮ ታክሎበት፣ እየተመላለሰ ታየ። ከዚያ በቀጥታ እርስዎ ብቅ ብለው «አንቀጽ ሰባት ተጥሷል» አሉ። «ልጄ ነው» የሚለው ቃል የለም። ለምን እንደሌለ ደውዬ ብጠይቅ «የጊዜ እጥረት» ተባልኩ። በዚያው ዕለት ግመል የአቅራቢውን ባርኔጣ ስታኝክ ረጋ ብለን ስላየናት፣ የጣቢያው ጊዜ በማን እንዳለቀ ገብቶኛል።

እንግዲህ የአገሩ ሕዝብ ምን አየ? ለአቅራቢው እጃቸውን የነሱት ሐጃ፣ የፖም ሹፌር አንገት ላይ ተጠምጥመው! በሴቶች መታጠቢያው በሐማም ውስጥ አንዷ ጎረቤታችን፣ የሙቅ ውሃ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ «ሐጃ፣ ፖሙን በስንት ገዙት?» ብላ ቤቱን በሳቅ አናጋችው። የባለቤቴ አባት ሲሰሙ «ያንን ልጅ እሹሩሩ እያልኩ ያስተኛሁት እኔ ነኝ፣ ነይና ዋጋውን እኔን ጠይቂኝ በሏት!» ብለው እስኪያስሉ ሳቁ። ሐጃ ግን አልሳቁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐማም አልሄዱም፤ ለገበያም እኔን ነው የሚልኩኝ። መናኸሪያ ሙሉ ሰው በሰላምታ የሚያንቀሳቅሱት ሴትዮ፣ አሁን በር ሲንኳኳ መከናነቢያቸውን ስበው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሚሙንም እናቴን አስነወርኩ ብሎ ስልክ አያነሳም። ይህ ያንገበግበኛል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሽልማቱን አልጠይቅም፤ ዋንጫውም የእነ አናስን እናት ቤት ያድምቅላት። የምጠይቀው የቆረጣችሁትን አንድ ቃል ነው። «ልጄ ነው። ጻፍ!» የሚለውን፣ በሐጃ ድምፅ፣ እቅፉን ባሳያችሁበት ሰዓት መልሳችሁ አስተላልፉት። ከበሮውን ከፈለጋችሁ ጨምሩበት። ግመሏም ትግባ።

ለሚዛንዎ ቀጥ ማለት፣ ለጉባኤዎ ዕድሜ፣ ለአንቀጾችዎም መራባት እየጸለይኩ፣ ዛጎራ ቀድማ በመድረሷ ጥፋተኛ የሆነች ትሑት ተመልካችዎ ነኝ፤

ጊዝላን፣ የሐጃ ታሙ ምራት
ከቴቱዋን

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ለሐጃ ሳነብላቸው «የአዝሩ የበረዶ ልጅ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። በዚያው ክረምት የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ላላ ዙሁር ወልዳ ጡቷ ነጥፎባት፣ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታመጣላቸው ነበር። ልጁ ጃዋድ ይባላል፤ ከቀኝ ጆሮው ኋላ ጥቁር ምልክት አለችው፤ ጥርሱ ሳይጠነክር መንከስ የጀመረ ነበር። «ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው «ለሽልማት ብዬ ልጅ ልቁጠር?» አሉኝ። እኔ ምንም አልልም፤ እናትዎን ይጠይቁ። ወተት ዝምድና ካልሆነ ያሸነፍነው እኛ ነን፤ ከሆነም አንቀጽ አሥራ ሁለት የተወዳዳሪ ዘመድ በዳኝነት እንዳይቀመጥ ይከለክላል። የቱ እንደሚሻልዎ በብልህ ስልትዎ ይምረጡ። ሐጃ ደግሞ ለልጅ «እርስዎ» አይባልም ብለው ቃላቸውን እንዳለ እንድጽፍ አዘውኛል፤ «ዓርብ ና፣ ኩስኩስ አለ። ሚሙንንም አንተው ይዘኸው ትመጣለህ፤ ወንድምህ ነው። ስለ ፍርዱ አትፈር። ያኔም እየነከስከኝ ጡቴን አልነጠቅኩህም።»