ስለ ዓይንህ የመከሩት ሰዎች

ለምወድህና ቃሌን ለማትሰማው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ፣ ወገብህስ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እህል ይወርድልሃል ወይ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ደጅ የሚያረፍዱት አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? ስለ ዓይንህ አሁን አልጠይቅህም። ከመጀመሪያው ብጠይቅህ «እጠፊው» ብለህ ንባቡን ታስቆማለህ። እኔ ከናፍቆትህና አጥንት ከሚሰብረው ብርድ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምታነቢለት ልጄ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? አባትሽ ዝለዪው ቢልሽ እንዳትሰሚው። ቁጣዬን አትቀንሺ፣ ማርም አትጨምሪበት። እንደተጻፈው አንብቢለት።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዤ ተማሪ ሆኛለሁ። ፊደልን ያለ አስተማሪ፣ ከሚስማር ካርቶንና ከቀለም ቆርቆሮ ላይ የለቀምኩ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው እለቅመዋለሁ ብዬ ነበር። እዚህ አገር ያመጣኝ ልጄ ግን ፈተና አለ፣ ፈተናውን ያላለፈ ሰው የመኖሪያ ወረቀቱ አይታደስለትም አለኝ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ከሥር የሳሙና እንፋሎት ይወጣል፣ ወንበሮቹ ወላልቀዋል። የእኔን ወንበር እግር ሽብልቅ ቀርጬ አጥብቄዋለሁ። ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። መምህርታችን የልጅህ እኩያ ናት። በስሜ ብቻ ነው የምትጠራኝ፤ አቶ የለ፣ ጋሼ የለ። መጀመሪያ ላይ አቤት አልላትም ነበር። አሁን ለምጄው ሳይሆን ስለሰለቸኝ አቤት እላለሁ።

ሰሞኑን የያዝነው ትምህርት አንተን የሚመለከት ነው። እነዚህ ሰዎች ለሚመክሩት አንድ ቃል፣ ለሚያስገድዱት ሌላ ቃል፣ ላላዩትና ለሚገምቱት ደግሞ ሌላ ቃል አላቸው። ለምክር ሹድ ይላሉ። ለግዴታ መስት። ለግምት ሜይ፣ ማይት እያሉ እንደ ጥርጣሬህ መጠን ያወርዱልሃል። ሹድ ያልከው ሰው ምክርህን ባይቀበል አልደፈረህም፣ አንተም አትቀየመውም። ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል እንግዳ ነው። እኛ ቤት አባታችን በሩን ዝጋ ካለ በሩ ይዘጋል። ብትዘጋው ሳይሻል አይቀርም እያለ የሚለማመጥህ አልነበረም።

መምህርቷ ችግር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ታድለናለች። የጎረቤቱ ውሻ ይጮኽበታል፣ ምን ትመክሩታላችሁ? ሌሎቹ ጆሮውን ቢደፍን፣ ጎረቤቱን በትሕትና ቢያነጋግር ይላሉ። እኔ ውሻው መታሰር አለበት አልኩ። የሚያረፍድ ሠራተኛስ? በጊዜ መምጣት አለበት። አማቷ የማትወዳት ሙሽራስ? መታገሥ አለባት። ከኋላዬ የሚቀመጠው አውቶቡስ ሾፌር አቶ መስት የሚል ስም አወጣልኝና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሁን መምህርቷ ራሷ አንዳንዴ አምልጧት እንደዚያ ትጠራኛለች። ቢያንስ አቶ አለበት።

ባለፈው ሳምንት ከየቤታችን እውነተኛ ችግር እንድናመጣ ታዘዝን። ተራዬ ሲደርስ እኔ ችግር የለብኝም አልኩ። ችግር የሌለበት ሰው የለም፣ እንጠብቅሃለን አለችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ግትር ናት፣ ደስ ትላለች። ስለዚህ አንተን አመጣሁህ። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሙ ይገፈፍልህ፣ ከዘገየህ ዓይንህ ይጠፋል ብሎታል፤ የሚከፈለው ተከፍሏል፤ እሱ ግን እምቢ ብሎ ልጁ መርፌው ላይ ክር እያስገባችለት በዳበሳ ይሰፋል አልኩ። ይህን ተናግሬ እስክጨርስ ላብ አጠመቀኝ።

ያልመከረህ ሰው የለም። አንዱ አብሳይ፣ ከዚህ ቀደም የተገፈፈለት ሰው ፈልጎ ቢያነጋግር ጥሩ ነው አለ። ሾፌሩ፣ ምን ያነጋግረዋል፣ አንተ ታላቁ አይደለህ እንዴ፣ አዘህ አስገባው እንጂ አለኝ። አዝዤው ነበር፣ አልሰማኝም አልኩት። ታዲያ ምኑን አቶ መስት ሆንከው ብሎ አሳቀብኝ።

ቀጥላ መምህርቷ፣ ለምን እምቢ እንዳለ ደግሞ ገምቱ አለች። ፈርቶ ይሆናል አለ አንዱ። ወንድሜ አይፈራም፣ የስፌት መኪናው መርፌ ጣቱን በስቶት በጥርሱ ነቅሎ ሥራውን የቀጠለ ሰው ነው አልኩ። ሐኪሙን አላመነው ይሆናል አለች ሌላዋ። ከእኔ ይልቅ ሐኪሙን ያምናል አልኩ። ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ይሆናል። ካልታከመማ ጭራሹን ሊፈታ ነው አልኩ። ያመጡትን ሁሉ እየመታሁ ጣልኩት። መምህርቷም፣ እዚህ የምንገምተው ነው እንጂ ፍርድ ቤት አልቆምንም አለችኝ።

መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች። ሆቴል ውስጥ ሳህን አጣቢ ናት፤ ጣቶቿ ከውሃ ብዛት ተሸብሽበዋል። ትምህርቱ ከተጀመረ ወዲህ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። በስልክ ስታገኘው ምን ይልሃል አለችኝ። ወሬ ያስለውጠኛል አልኳት። ሆስፒታል ስለው እሱ መቼ ነው የምትመጣው ይላል። ቀን አስቆርጥ ስለው ለክረምቱ ትመጣለህ ወይ ይላል። ከዚያ ቃላቱን እንደ ብርጭቆ አንድ በአንድ እያነሳች አስቀመጠቻቸው፤ እየጠበቀህ መሆን አለበት አለች። መምህርቷ በጣም ጥሩ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ይህን ግምት ግን መትቼ መጣል አቃተኝ።

የዚያን ቀን በእግሬ ነው ቤት የገባሁት። መንገዱን ሁሉ ሱቆቻችንን የሚለየው ጣውላ ትዝ ሲለኝ ነበር። ከወዲህ እኔ መላጊያዬን ስገፋ፣ ከወዲያ የአንተ መኪና ስትንደቀደቅ፣ ቃል ሳንነጋገር ቀኑ ይመሽ ነበር። መኪናህ ዝም ካለች ክሩ ተበጠሰበት እላለሁ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ጣውላውን በመዶሻ እጀታ መታ አደርጋለሁ፣ አንተም በመቀስህ ትመልስልኛለህ። የልጄ ቤት ግድግዳ ከወዲያው ሰው ይኑርበት አይኑርበት አይታወቅም። ስንት ጊዜ እጄ ሊመታው ሄዶ ተመልሷል። አንተስ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ስንት ጊዜ መትተህ ይሆን? ይኸው እኔም መገመት ጀመርኩ።

ነገሩን ለልጄ ነገርኩት። አባዬ፣ ፈተናው እኮ ደርሷል፤ ሳትፈተን ከወጣህ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ተመልሰህ አትገባም፤ ትንሽ ብትቆይ ይሻላል አለኝ። እሱ እንኳን መምከር ያውቅበታል። ዓይን አይቆይም አልኩት። አጎቴ እንደሚጠብቅህ በምን አወቅህ፣ ሳህን አጣቢ ስለገመተች ነው አለኝ። አዎ፣ እሱ ነው አልኩት። ተኮራርፈናል። እራት ስንበላ ጨው አቀብለኝ የምንባባለው በምራቴ በኩል ነው። የልጅ ልጄ ግን ኩርፊያው አልገባውም፤ ጉልበቴ ላይ እየወጣ ጢሜን ይጎትታል። እሱን ጥሎ መነሳት ምን ያህል እንደሚከብድ አልጽፍልህም።

አሁን ስማኝ። እየጠበቅከኝ ካልሆነ፣ እንዲያው የተለመደው ድርቅናህ ከሆነ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት ልጅህ ትደውልልኝ። የቆረጥኩትን የአውሮፕላን ቲኬት እተወዋለሁ፣ ፈተናዬን እፈተናለሁ፣ አንተም ያለ እኔ ትገባለህ። ስልኩ ካልጮኸ ግን መጥቻለሁ። አንተ ምንም መናገር የለብህም፣ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ትችልበታለህ። እስከዚያው የሕክምናውን ቀን አስቆርጥ። ይህ ምክር አይደለም።

ፋሻው ሲፈታልህ ከአልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ታገኘኛለህ። ጸጉሬ አልቋል፣ ትከሻዬም ወርዷል። ድምፄ ስላልተለወጠ በስልክ አታውቀውም። ቀድሜ የምነግርህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። አንተም አርጅተህ ይሆናል። እኔ ምንም አልልህም።

ለባለቤትህ፣ ያንተን ጠባይ ችላ ለኖረችው፣ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የአማትህን ጉልበት ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ ሰላም በልልኝ፤ ሱቄን ከፍቶ ያናፍስልኝ፣ መጋዞቹን ግን እንዳይነካ። ታናሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ለባለ ወፍጮው ጎረቤታችን ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ በሩን በሽቦ ማሰሩን ይተው፣ ማጠፊያውን እኔ እሠራለታለሁ። አንቺ ደግሞ ልጄ፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ የአባትሽን ፊት ቀና ብለሽ እዪ። ያየሽውን ለማንም አትንገሪ፣ ለእኔም ቢሆን በስልክ አትንገሪኝ። መጥቼ አየዋለሁ።

ታላቅ ወንድምህ

ከልጄ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ
የካቲት 19 ቀን