ያልታጠበ ቅጠል

ይድረስ ለሽፌዬ፤

ከተለየኸኝ እነሆ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም፤ ባዶ እጄን ልጽፍልህ አልፈለግኩም። ለለቅሶ የሚሆን ቃል በየሰዉ አፍ ሞልቷል። እኔ ሥራዬን ሳልጨርስ ብዕር አላነሣም ብዬ ምዬ ነበር፤ አሁን ጨርሻለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ባልባላ ያቺው አንድ ክፍል፣ ያው ቀን ቀን የማያስጠጋ ቆርቆሮ። የውኃ በርሜልህ ሥሩ ዝጎ ስለተበሳ ሌላ ገዛሁ፤ አሮጌውን ግን አልጣልኩም፣ ብስባሽ አዘጋጅበታለሁ። እኔም እንደ ድሮዬ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ሄሮን እወርዳለሁ፣ የማዳምን ቤት እሠራለሁ። አዲሱ ባቡር ሥራ ጀምሯል፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱት የድሮ ጓደኞችህ እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው እያሉ ያማርራሉ። ወገብህን ታመህ መሪውን ስትለቅ፣ ሾፌሩ አፈር ቆፋሪ ሆነ ብለው የሳቁብህ እነሱ ናቸው። አሁን አንዳንዱ አትክልቱ ቦታ፣ አምቡሊ ድረስ መጥቶ መሬት ይገኛል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አንተ ብትሆን ታዝንላቸው ነበር፤ እኔ ግን ሳቅኩባቸው።

የአትክልተኞች ማኅበራችን ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ሐጂ ዑስማን በደረቁ ወንዝ ዳር ያለችውን የቴምር ቦታቸውን አበሻ፣ አፋር፣ ሶማሌ ሳይሉ ለአትክልተኞች ሲያከፋፍሉ፣ መድኃኒትና የፋብሪካ ማዳበሪያ እንዳይገባባት ያሳመንካቸው አንተ ነህ። ከካርቲየ 4 ገበያ የተበላሸ አትክልት በማዳበሪያ ከረጢት ትሸከማለህ፤ ከብት ጭነው ከመጡ መኪኖች ላይ ፍግ ትጠርጋለህ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ይዞ ካንተ ሲሸሽ፣ እኔ እንደማላውቅህ ሆኜ በመስኮት አይ ነበር። ይቅር በለኝ። ማታ ግን ትንተራሰኝና፣ ዝናብ በማያውቅ አገር ዘነበች የምትባል ሚስት ያለችው ሰው ምን ይጎድልበታል እያልክ ታስቀኝ ነበር።

የቅጠል ቀንን ያመጣኸውም አንተ ነህ። በየወሩ የመጀመሪያው አርብ ጠዋት፣ ገዢዎቻችን ማለትም የሄሮን ቤቶች ወጥ ቤቶችና ሠራተኞች በተሰበሰቡበት፣ እያንዳንዱ አባል ከራሱ መደብ ቅጠል ይቀጥፋል፤ አቧራውን በልብሱ ጠረግ አድርጎ ሳያጥብ ይበላል። የዋጠ ይሸጣል፤ ያልዋጠ አይሸጥም። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ሰው የረጨውን መርዝ ራሱ አይጎርስም ብለህ አመንክ። ሞኝነትህ እዚህ ላይ ነበር ሽፌ። ሰው ሁሉ አንተን ይመስልህ ነበር።

አስናቀን ከወደብ፣ ከጆንያ ተሸካሚነት አውጥተህ ያመጣኸው አንተ ነህ። ችግኝ ማዛወር እጁን ይዘህ አስተማርከው። ኒም ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት ጋር ዘፍዝፎ ትል ማባረር ያሳየኸው አንተ ነህ። ስንት ቀን ከእኔ ማዕድ በልቷል፤ እትዬ ዘነበች፣ እጅሽ ይባረክ እያለ። የእሱ መደብ ጨዋማ ጥግ ላይ ነበር፣ ያንተ ግን ጣፋጭ ውኃ ካለው ብቸኛ ጉድጓድ አጠገብ። ያቺን ጉድጓድ ሲያይ ዓይኑ እንደሚቀላ እኔ ነግሬህ ነበር። ምቀኛ አታድርጊው አልከኝ።

ያን ቀን ልጻፈው። የቲማቲም ትል ገብቶ ሁሉም የተጨነቀበት ወር ነበር። በቅጠል ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አስናቀ አካፋ ይዞ ብስባሽህን ቆፈረና የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ አወጣ። አንተ ከመደብህ አንድ እፍኝ ሰላጣ ቀጥፈህ በሰው ፊት አኘክ፣ ዋጥክ። ያኔ ነው አስናቀ፣ የሚበላባት ጥግ ለብቻዋ አለችው፣ የቀረውን ይረጨዋል ያለው። ሰው አመነው። ሐጂ ዑስማን አንገታቸውን ደፍተው የጉድጓዱን ቁልፍ ተቀበሉህ። መደብህ ለማን ተሰጠ? ለቆፈረው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ብቻ ኖርክ። በሚያቃጥለው የኻምሲን ነፋስ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ። ሐኪሙ ልብ ነው አለኝ። እኔ አስናቀ ነው አልኩት። ለቅሶህ ላይ ድንኳን ሲተክል፣ ሰው ሲያስተናግድ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እሱን እያየሁ እንባዬን አደረቅኩት።

አርባህ ሲወጣ ሐጂ ዑስማን ዘንድ ሄጄ አባል ልሁን አልኳቸው። የአስናቀን አሮጌ ጨዋማ ጥግ ለመንኩ፤ ሰጡኝ። አስናቀ እሰይ፣ እትዬ ሐዘንሽን በሥራ ርሺው ብሎ ዶማ አበደረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዶማ ጨው ቆፈርኩ፣ ቀና እያልኩም አየሁት። በመጀመሪያው ዓመት ደንብህን ለወጠው፤ ለገዢዎቹ ጤና ሲባል ቅጠሉ በሳፋ ታጥቦ ይበላ አስባለ። ከዚያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀጥፈው ከአጥሩ ሥር ካሉት ሦስት መስመሮች ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ። የእነዚያ ቅጠል ትል ይበሳዋል። የቀረው መደብ ግን አንድ ቀዳዳ የለው። ትል ያልቀመሰውን ሰው ይበላዋል? ያኔ ያ ነገሩ ትዝ አለኝ፤ የሚበላባት ጥግ ለብቻዋ አለችው። ይህን ዘዴ ከየት አወቀው? ከራሱ ነው እንጂ!

ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ዓመት በአንዱ የቅጠል ቀን ተነሥቼ አንድ ሐሳብ አለኝ አልኩ፤ ዛሬ ለፍቅራችን፣ ሁሉም ጎረቤቱ የቀጠፈለትን፣ እንደ ጥንቱ ሳይታጠብ ይጉረስ አልኩ። ሰዉ ደስ አለው፣ አጨበጨበ። የአስናቀ ጎረቤት እኔ ነኝ። አጥሩን አልፌ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ መሀል ካንተ ቦታ ገብቼ የሚያምር ሰላጣ ቀጠፍኩ፤ ጠቅልዬ አፉ ላይ አቀረብኩለት።

ምን ቢል ጥሩ ነው? ዛሬ አርብ አይደል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ አለ። ሰው ሳቀ። ሐጂ ዑስማን አልሳቁም። ድሬዳዋ በለመዱት አማርኛቸው፣ ያለፈው ወር የበላኸው ሐሙስ ነበር እንዴ አሉት። ላቡ በአገጩ ይወርድ ጀመር። እጄን አላወረድኩም። እውነቱን ልንገርህ ሽፌ፤ አፉን ቢከፍት ኖሮ እጄ አይመለስም ነበር። እንዲበላው ፈልጌ ነበር። ሐጂ ዑስማን፣ ወይ ጉረስ ወይ ተናገር አሉት።

ተናገረ። ከትናንት ወዲያ ረጭቼዋለሁ አለ። የዚያን ጊዜውም ጠርሙስ የኔ ነበር፣ ሌሊት ቀብሬው ነው አለ። ሐጂ ዑስማን ጥምጣማቸውን ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። የተረጨው ሁሉ ተነቅሎ ተቃጠለ። ቁልፍህን መልሰው እኔ እጅ ላይ አኖሩት፤ ስምህም በዚያው ጠዋት ተመለሰ።

አስናቀ ወደ ወደቡ፣ ወደ ጆንያው ተመለሰ። ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ላከብኝ። ይቅር ለእግዜር በይ አሉኝ። ለእግዜር ይቅር ብያለሁ፣ ለአስናቀ ግን አላልኩም አልኳቸው። ካሣ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ብር አልፈልግም አልኩ። በየወሩ በቅጠል ቀን ይምጣ፤ ከሽፈራው መደብ እኔ የቀጠፍኩለትን ሳያጥብ ይብላ፤ ሲውጥም ለተሰበሰበው ይንገር አልኩ። ቀላል መስሏቸው እሺ አሉ።

ይመጣል። እየመጣም ነው። ያኝካል፣ ያኝካል፣ አይወርድለትም። ከዋጠ በኋላ፣ ይህ የሽፈራው ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የዋሸሁበት እኔ ነኝ ይላል። አማርኛ ለማይሰሙት ሐጂ ዑስማን በሶማሊኛ ይደግሙላቸዋል። ባለፈው ወር አለቀሰ፤ እትዬ፣ እስከ መቼ ነው አለኝ። ሐጂ ዑስማንም ቀና ብለው አዩኝ፤ በቃሽ የሚል ዓይን ነበር። እስክጠግብ አልኩት።

አንተ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ይቅር ትለው ነበር፤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንተ አፈር ውስጥ፣ እሱ ከላይ የሆነው። ስለዚህ በዚህ አትቆጣኝ። እኔ አንተን ለማስታወስ ምንም አያስፈልገኝም፤ በገዛ አልጋዬ ግማሽ ላይ ተኝቼ አድራለሁ፣ ግማሹ ያንተ ነው። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ እሱ አይረሳህም።

የመጪው አርብ ቅጠል ተመርጧል። ከጉድጓዱ በስተግራ፣ አንተ ከተከልካት ኒም ሥር ነው። ትል ሁለት ቦታ በስቶታል። ውኃ አላስነካሁትም።

ያንተው ዘነበች