ሳይከፈት «ተከፍቷል» ስላለው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ተነሥቶ የማያውቀው የቢሮዎ ስልክም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ፣ ኮምፒውተሬ በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት «የማሽኑ ሽፋን ተከፍቷል» እያለ የሚከሰኝ ሠራተኛ ነኝ።

ክፍልዎ ለዚህች አንዲት መስመር ስላሳየው ትጋት ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩. ሦስት ባለሙያዎች ተራ በተራ መጥተው፣ ማሽኑን አጥፍተው በማብራት ብቻ ሰው እንደከፈተው ስለደመደሙ፤ አንዳቸውም ግን ጎንበስ ብለው ሽፋኑን ስላላዩት።

፪. ከሁላችን ቀድመው ቢሮ የሚገቡት የጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም እናታችን የምንላቸው ሴት፣ ዕቃ ሊሰርቁ ከፍተውታል ተብለው በእርስዎ ፊርማ ከሥራ ስለታገዱ። እኚህ ሴት ኮምፒውተሩን የሚያውቁት በአቧራው ነው። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው በሌብነት ስማቸው ጠፍቶ ቤት መቀመጣቸው እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው።

፫. ከማሽኑ ውስጥ ምን እንደጎደለ ለጠየቅሁበት ማመልከቻ፣ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል መልስ ስለሰጡኝ።

እኔም እስኪታይ ድረስ አየሁት። መልእክቱ የጀመረው፣ ክፍልዎ በኮምፒውተሬ ጎን «መክፈት ክልክል ነው» የሚል የብረት ሰሌዳ በብሎን ባሰረ ማግስት ነው። በእጅ ባትሪ ብመለከት፣ የረዘመው ብሎን ሽፋኑን በስቶ ከውስጠኛው ብረት ጋር በመጋጨቱ ሽፋኑ ጥፍር የሚያስገባ ያህል ተነሥቷል፤ ከሥሩ ያለችው፣ ሽፋን ሲላቀቅ የምታስታውቀው ትንሽ ማብሪያም ያየችውን በታማኝነት ተናግራለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የእናታችን እገዳ ተነሥቶ፣ የይቅርታው ደብዳቤ የእገዳው ደብዳቤ በተለጠፈበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው ቁመት እንዲለጠፍልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንዲት ብሎን ሳይፈታ ትእዛዝዎን አክብሮ የኖረው፣
ከታላቅ አክብሮትና ካለቀ ትዕግሥት ጋር፣
የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትናንት በስቲያ የብረት ሰሌዳው በእርስዎም ኮምፒውተር ላይ እንደታሰረና ትናንት ጠዋት ያው መልእክት እንደተቀበለዎት ሰማሁ። እናታችን ከታገዱ ወዲህ ቢሮዎን የሚያጸዳ ስለጠፋ፣ ሰሌዳው ከታሰረ ወዲህ ከእርስዎ በቀር ወደዚያ የገባ ሰው የለም። የእገዳ ደብዳቤዎን ማን እንደሚፈርምልዎ በጉጉት እየጠበቅን ነው።