በ«ጡረታ መታወቂያ» ሥር የመጡ መልእክቶች

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 2004 ዓ.ም.

ውድ ሃቢባ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተረጂልኝ፦ ከላክሽልኝ የኢሜይል መልእክቶች ውስጥ አንዲት ቃል አልነካሁም። የቀየርኩት ርዕሳቸውን ብቻ ነው።

ለምን ብትዪ፣ ጥፋቱ በከፊል የአንቺ ነው። አምና ስለ ጡረታ መታወቂያ እድሳት ከጻፍኩልሽ ወዲህ አዲስ መልእክት ጀምረሽ አታውቂም። እዚያችው ላይ «መልስ» የሚለውን ትጫኛለሽ፤ የምትልኪው ሁሉ «የጡረታ መታወቂያ» ተብሎ ይመጣል። የኢድ ሰላምታሽ የጡረታ መታወቂያ። የጉልበትሽ ሕመም የጡረታ መታወቂያ። የልጅ ልጅሽ ጥርስ ማብቀል እንኳ የጡረታ መታወቂያ! አንዱን ፈልጌ ለማግኘት ሁሉንም መክፈት ግድ ሆነብኝ። የእህቴ ልጅ ሳዲቅ፣ የደረሰኝ መልእክት ርዕስ ኮምፒውተሬ ላይ እንዴት እንደሚታረም ካሳየኝ በኋላ ግን ተገላገልኩ። «ኢድ»፣ «ጉልበት»፣ «ጥርስ» እያልኩ ለየኋቸው። ጊምቢቹ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር፣ መምህራኑ ሁሉ እየሰሙ «ኑሪ፣ አንተ እኮ ሻይ እንኳ ርዕስ ካልሰጠኸው አትጠጣውም» ያልሽኝ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ርዕሱን የማየው እኔ ብቻ ስለመሰለኝ ደፋር እየሆንኩ ሄድኩ። ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ልጅሽ ቤት መቀመጥ እንደሰለቸሽ ጽፈሽ፣ መጨረሻው ላይ «ሆሳዕና ብመለስ ለአንዲት አሮጊት የሚሆን ቤት ይገኛል?» አልሽ። የተለመደውን ርዕስ አጠፋሁና «የእኔ ቤት ይበቃል» ብዬ ጻፍኩበት። ለራሴ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጨዋ መልስ አዘጋጀሁልሽ፦ ከመናኸሪያው በላይ ሁለት ክፍል ቤት እንዳለ፣ ውሃው በፈረቃ እንደሚመጣ፣ አከራይዋ እትዬ እህተማርያም ደግ ሴት እንደሆኑ። ላክሁት።

መልስሽ ጠፋ። ኔትወርኩ መስሎኝ ሳዲቅን ጠራሁት። አየና አፉን ያዘ።

«ጋሼ፣ ርዕሱ እኮ አብሮ ሄዷል!»

«የቱ ርዕስ?»

«እርስዎ ያረሙት ነዋ! መልስ ሲሰጡበት ይዞት ይሄዳል።» ከዚያም በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና «ግን ጥሩ ርዕስ ነው» ብሎኝ እየሳቀ ወጣ። ባለጌ!

ሃቢባ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ርዕሱና ሐተታው ያልተስማማ ተማሪ ላይ ማርክ ስቀንስ ኖሬአለሁ። የእኔው ጽሑፍ ግን ከላይ «የእኔ ቤት ይበቃል» ይላል፣ ከሥር የእትዬ እህተማርያምን ቤት ያወድሳል። ተማሪ ቢያመጣልኝ «ድገመው» እለው ነበር። ስለዚህ ይኸው ደገምኩት፦ ርዕሱ ልክ ነው፤ ሐተታውን ሰርዢው። ሁለታችንም የትዳር ጓደኞቻችንን ቀብረን ብቻችንን ከቀረን ቆየን። ከፈቀድሽ ወደ ልጅሽ ወደ ሰዒድ ሽማግሌ እልካለሁ፤ በወጉ፣ ኒካሕ ታስሮ። ካልፈቀድሽም የእትዬ እህተማርያም ቤት ገና አልተያዘም። ጎረቤቴ ትሆኛለሽ፤ እንደ ጊምቢቹው ጊዜ ስትቀልጂብኝ ትውያለሽ።

ብቻ ዝም አትበዪኝ። የዚህን መልእክት ርዕስ ባዶ ትቼዋለሁ። አንቺው ጻፊበትና ቶሎ መልሺልኝ፤ ምንም ብትዪ አላርመውም።

ኑሪ