ማነው የመታኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ገበያው ቀዝቅዟል። ጋቢ የሚገዛ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቼ ዋልኩ። ሳምንቱም እንዲሁ ነበር። ነገ ግን በጤና ቡድናችን እኛ ባለትዳሮች ከላጤዎች ጋር በእግር ኳስ እንጋጠማለን። ክርስቲያኖቹ ጾም ከመግባታቸው በፊት የተሸነፈ ይጋብዛል።

ጉልላት ሊፎክር ሱቅ ድረስ መጣ። አብሮ አደጌ ነው፣ የታክሲ ሹፌር፣ አርባውን ደፍኖ እስካሁን ላጤ። ሚስት ያሯሯጠችው እግር ሜዳ ላይ ምን ጉልበት ይኖረዋል አለኝ። ባለቤቴ ሩፋይዳ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ሳቀችለት።

እሑድ፣ ኅዳር 8



አርፍጄ ደረስኩ። ሌሎቹ አሟሙቀው ጨዋታ ጀምረዋል። የቡድኑ ትልቅ ሰው ጋሽ ደበላ መጀመሪያ ሮጥ ሮጥ በል አሉኝ። የእኛ ወግ ግን ይታወቃል... ያረፈደ ቀጥታ ይገባል፣ ጨዋታው ራሱ ያሟሙቀዋል። ገባሁ።

የመጀመሪያዋን ኳስ ለመቅደም ስስፈነጠር... ጧ! ከኋላ፣ ተረከዜ ላይ። ወደቅኩ። ቀና ስል ጉልላት ነው። ሊያነሳኝ ጎንበስ ብሏል። በጥፊ አጮልኩት። ያ ሁሉ ሰው ፊት! ከኋላ ትመታኛለህ አልኩት። ጉንጩን ይዞ ቆመ።

ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ሰው... እንዴት ከኋላ? ማመን አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ወጌሻው አሸኝ። ጅማት ዞሮ ነው አለ። ሩፋይዳ ሆስፒታል ሂድ ትላለች። ለምት ምን ሆስፒታል ያስኬዳል? ጉልላት አልደወለም። ፊቱን ማየትም አልፈልግ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ደበላ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ጉልላት ከኋላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ወረደ። ትከሻውን ይዤ አነሳሁት። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ሩፋይዳ ሻይ አቀረበች፣ እሱ ግን ሳይጨርስ ተነሳ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ያረቢ... ምን አደረግኩ?

በእግሬ ጣቶች መቆም ሲያቅተኝ ሩፋይዳ ጎትታ ጳውሎስ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ በሆዴ አስተኝታ ሁለቱንም ባቶቼን በየተራ ጨበጥ አደረገች። ደህናው እግር ተንቀሳቀሰ። የታመመው ዝም። የተረከዝ ጅማት ተበጥሷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አለች። መታሸትም አልነበረበትም። ሰው ከኋላ መትቶኝ ነው አልኳት።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ዞር ሲሉ ግን ማንም የለም። ሳያሟሙቁ ነው የገቡት?"

አዎ አልኳት። ሲቀመጥ የከረመ እግር በድንገት ሲስፈነጠር በራሱ ሊበጠስ ይችላል አለች። በራሱ!

ጋሽ ደበላ ጋ ደወልኩ። ያኔ ጉልላት የት ነበር አልኳቸው። ራቅ ብሎ ነበር፣ ስትወድቅ ነው ሮጦ የመጣው አሉኝ። ታዲያ ለምን ይቅርታ አስጠየቃችሁት?

"እኛ ልናስታርቅ መጣን እንጂ ልንፈርድ አልመጣን።"

ባላጠፋው እኮ ነው እግሬ ላይ የወደቀው። እኔ ደግሞ ማርኩት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጋሽ ደበላን ይዤ ጉልላት ቤት ሄድኩ። ጉልበቱን ልስም ብሞክር እግሬ እምቢ አለ። ደግፎ ያዘኝ።

"አልመታሁህም ለምን አላልከኝም?"

"ብልህ ታምነኝ ነበር?"

ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ፣ ግን ወለሉን እያየ ነው። ሆዱ አልጠራም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ነገ ኦፕራሲዮን። ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ ጥር 25

በክራንች ሜዳ ወጣሁ። አሁን ሳያሟሙቅ የሚገባ የለም፣ ፊሽካውም እኔ ጋ ነው። ከቡድናችን ኢምራን አርፍዶ መጥቶ እንዲሁ ልግባ ብሎ ለመነኝ። አሻፈረኝ አልኩ። እያጉረመረመ ሜዳውን ዞረ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኦልያድ የሚባለው አዲሱ ላጤ ባቱን ይዞ ወደቀ። ማነው የመታኝ ብሎ ጮኸ። ክው አልኩ። አጠገቡ የነበረው ጉልላት ነው። ድሮ ቢሆን የወደቀ ሰው ለማንሳት እሱን የሚቀድም አልነበረም። ዛሬ ሁለት እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። የሚያየው ኦልያድን አይደለም፣ እኔን ነው። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት... እኔው ነኝ።

ክራንቹን እያንቋቋሁ ደረስኩ። የኦልያድ ጡንቻ ተኮማትሮ ነው፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ጉልላት፣ አይቻለሁ። አልነካኸውም። አንሳው።"

ያጣመራቸውን እጆቹን ፈታ። ከዚያ ጎንበስ አለ።