ከካርቶኑ ጋር የመጣ ጭረት

ውድ አበልጄ ብርነሽ፣

ስልኩ አልተቀየረም። ኤልሳቤጥ ደብረ ታቦር ላይ በአደራ የሰጠችሽና አንቺ በእጄ ያስረከብሽኝ ስልክ አንድ ነው። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም፤ ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። ፍልሰታን ጾሜ፣ አዲሱን ዓመት ተቀብዬ፣ መስቀልን አክብሬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።

መደወል አቅቶኝ አይደለም የምጽፍልሽ። ቁጥርሽ አለኝ። ግን በዚያው ስልክ ይቅርታ ልልሽ አፈርሁ። ደግሞ በስልክ ቢሆን በመሐል ትዘጊብኛለሽ፤ ብትዘጊም አልፈርድብሽም። ወረቀትን ግን ሰው ቢቀድደውም መጀመሪያ ያየዋል። ትምህርቴ ከስድስተኛ አላለፈም፤ አጻጻፌ ቢጎረብጥሽ ታገሺኝ። አንቺ የምታውቂውንም ደግሜ የማነሣው በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር እንድታዪው ብዬ ነው።

በጥር ካርቶኑን ስታስረክቢኝ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? "አበልጄ፣ ልጅህ አከበረችህ። ምርቃቱን ለእሷ አድርገው፣ የመንገዱ አቧራ ለእኔ ይበቃኛል" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ባንቺዓለም ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ከልቤ ስቄ አላውቅም ነበር።

ብርነሽ፣ እኔ በዕድሜዬ ሌላ ሰው ያልነካው ዕቃ ኖሮኝ አያውቅም። ኮቴ ልቫጅ ነው። ሬዲዮዬ ከወንድሜ የተረፈች ናት። የማርስበት ሞፈር እንኳ የአባቴ ነው። ልጄ "ለአባባ አዲስ" ብላ ስትልክልኝ ሌሊት እየተነሣሁ ካርቶኑን በእጄ እዳስሰው ነበር። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ዓርብ ገበያ ስወጣ ሲም ላስገባ ስልክ ሠሪው ዘንድ ወሰድሁት። አገላበጠና፣

"ጋሼ፣ ይኼን ስንት ዓመት ያዙት?" አለኝ።

"አዲስ ነው።"

"አዲስ?" ሳቀብኝ። "የቻርጀሩን አፍ እዩት እስቲ። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ይኼ ሲሰካ ሲነቀል የኖረ ነው። በዚህ ጥግ ደግሞ መስታወቱ አልገጠመም፤ ይኸው ጥፍሬ ይገባል። ተከፍቷል ማለት ነው። ጋሼ፣ ተቀይሮብዎታል።"

በዙሪያው የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። "ማን ነው ያመጣልህ?" አለ አንዱ። ስምሽን ጠራሁ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በዘጋው!

ለኤልሳቤጥ ደወልሁ። "ልጄ፣ አዲስ ነው አይደል የላክሽልኝ?"

"እንዴ አባባ! ሱቁ ውስጥ ከካርቶኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምነው?"

"ምንም፤ እግዜር ይስጥሽ ልልሽ ነው።"

ጭረት አለው ብላት ስጦታዋን ያናናቅሁባት መሰለኝ። ያችን አንዲት ቃል ጨምሬ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ልጄን እንዳላስከፋ ብዬ አንቺን ለአደባባይ ሰጠሁሽ።

ወሬው የደረሳቸው ሽማግሌዎች ከኪዳነ ምሕረት ቅጥር ሥር ሲያስቀምጡሽ፣ "በስሟ ማይና ነገሩ ይለቅ" አሉሽ። "ለስልክ ብዬ ስሟን አልጠራም" አልሽ። "እውነት ካለሽ ምን ያስፈራሻል?" ሲልሽ አንዱ፣ "እናንተን ብፈራማ ምዬ እገላገል ነበር" አልሽው።

ያች ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። በእኛ ዘንድ ከመሐላ የሸሸ ሰው እንዳመነ ይቆጠራልና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንቺ ግን ወደ እኔ ዞርሽ። "አበልጄ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አልሽኝ። ልጅሽን ሃይማኖትን ከባለቤቴ ጋር ክርስትና ያነሣሁ ሰው ነኝ። ቀና ብዬ ሳላይሽ፣ ስልኩን በእጄ እያገላበጥሁ፣ "ትማል" አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የታማሚ መድኃኒት፣ የተማሪ ስንቅ፣ የዘመድ ቋጠሮ ሁሉ በአንቺ እጅ ነበር የሚሄድ የሚመጣ። አደራ በላ የሚል ስም ሲወጣብሽ ግን አንዲት ሴት እንኳ የጨው ቋጠሮ አልሰጠችሽም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሃይማኖትን ይዘሽ መካነ ኢየሱስ ከተማ እህትሽ ዘንድ ሄድሽ። ስትሄጂ በደጄ ነው ያለፍሽ። ቤት ነበርሁ።

ለፋሲካ ኤልሳቤጥ መጣች። ስልኩን አነሣችና፣ "አባባ፣ ይችን ጭረት አየሃት አይደል?" አለች። "ስገዛውም ነበረች። ያገለገለ ሸጥህልኝ ብዬ ከባለሱቁ ጋር ተጣላሁ። ሌላ ካርቶን ፊቴ ከፈተልኝ፤ እሱም እዚያው ቦታ ላይ ተልጧል፣ ጥጉም እንዲሁ አልገጠመም። ከፋብሪካ ነው፣ በዚህ ዙር የመጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው አለኝ። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርሁህ።"

ካርቶኑን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥሁ።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ? ተቀየረብኝ ብለህ ነበር እንዴ?" ብላ እየቀለደች ቁጥር ነካካች፤ ስልኩ የራሱን መለያ አወጣ። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየችው። "ያው ነው። ይልቅ ብርነሽ የት ናት? ላመሰግናት ነበር።"

"እህቷ ዘንድ ሄዳለች" አልሁ።

እንደዚያ ብዬ የበዓሉን ምሳ በላሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ገበያ ወርጄ ለስልኩ ጥቁር ሽፋን ገዛሁለት፤ የቻርጀሩን አፍ ሳይቀር የሚከድን። ሰው "አሁን አማረበት" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልቆረብሁም። የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ሚካኤል "ምነው ራቅህ?" ሲሉኝ "ጤናዬ አልሆነልኝም" እላቸዋለሁ። ለምን ዝም አልህ ብትዪኝ፣ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ አፈርሁ ብዬ ነበር። አይደለም። ፈንታ በሐሰት ሰው አስወነጀለ፣ ያውም አበልጁን፣ መባሉን ፈርቼ ነው። ጭረቷ ስልኩን ምንም አላለችውም እኮ! ይጠራል፣ ያሰማል፣ ይበራል፤ አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮኝ አያውቅም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው ዓርብ አቶ ወርቅነህ የሚባሉ ሰው ከመካነ ኢየሱስ ድረስ መጥተው ቤቴ ገቡ። ታውቂያቸዋለሽ። "ልጄ ሃይማኖትን ካላገባሁ ብሎ መውጫ መግቢያ አሳጥቶናል" አሉኝ። "እኛም ወደናታል። ነገር ግን ባለቤቴ ቤቱን ጠይቅ ብላ ላከችኝ። የሚስት ትእዛዝ ደግሞ ይግባኝ የለውም።" ተሳሳቅን። ቆሎ አቀረብሁ። ጥቂት ቆረጠሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እናቲቱ አደራ በላች ይባላል። እርስዎ የልጅቱ የክርስትና አባት ነዎት፤ ዕቃውም የእርስዎ ነበር አሉኝ። ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነት ነው?"

ስልኩ በመካከላችን መደቡ ላይ ተቀምጧል።

"እግዜር ያውቃል" አልሁ።

ፈገግታቸው ጠፋ። የያዙትን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለሱት። "እግዜር ብቻ ከሚያውቀው ቤት እኔ ልጄን አልድርም" አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። በጥር የበደልሁሽ ተሳስቼ ነው፤ አሁን ግን እያወቅሁ፣ በገዛ አፌ፣ ሃይማኖትን ጨመርሁበት። ክርስትና ስትነሣ ባንቺዓለም ስለ እሷ ሰይጣንን ስትክድ አጠገቧ የቆምሁ እኔ ነኝ። ተነሥቼ ሮጥሁ። ከነካርቶኑ ስልኩን በብብቴ ይዤ፣ በገበያተኛና በአህያ መሐል እየተጋፋሁ መናኸሪያ ስደርስ መኪናው ሊወጣ ነው። ረዳቱ "አባት፣ ይገባሉ አይገቡም?" እያለ ይጮህብኛል። አቶ ወርቅነህ በመስኮት አዩኝ።

"አልበላችም!" አልኋቸው። ትንፋሼ ተቆራርጦ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሽፋኑን ገፍፌ ጭረቷን አሳየኋቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

"ከፋሲካ።"

"ታዲያ ለእኔ በመስኮት ምን ያደርግልኛል? እኔ ሴትዮዋን አልወነጀልኋት። በወነጀሉበት ቦታ ይናገሩታ። እሑድን እዚህ ዘመድ ዘንድ እውላለሁ፤ እሰማለሁ" ብለው ወረዱ። ረዳቱ ከኋላቸው "ትኬት አይመለስም!" ብሎ ጮኸ።

እነዚያን ሁለት ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፍኋቸው አልነግርሽም። ማሪኝም አልልሽም፤ እሱ የአንቺ ነው። የማውቀው ትናንት ቅዳሴ ሲያልቅ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕዝቡን እንዲያቆሙልኝ መለመኔን ነው። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ። ስልኩንና ካርቶኑን ሰጠኋቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ቁጥሩን እያስተያዩ፣ በጥጉ ጥፍራቸውን እያስገቡ አዩት። ኤልሳቤጥ ያለችውንም አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው።

"ያኔ ትማል ያልህ አንተ አልነበርህም ወይ?" አለኝ አንዱ።

"ነበርሁ።"

"ካወቅህ ቆየህ?"

"ከፋሲካ ጀምሮ።"

ከሴቶቹ በኩል "እግዚኦ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ወርቅነህ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ወደ እሳቸው አላየሁም። ለሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ብርነሽ የማንንም አደራ አልበላችም። በሐሰት ያስወነጀልኋት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ። ስሟን መልሱላት" አልሁ።

አበልጅሽ ልበል አልበል ፍርዱን ለአንቺ ትቼ፣
ፈንታ